ለቃለአብ ጉልበት

ጌጤ ምስጢር የምታባክን ሴት አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገርላት፤ ኋላ የሆነውን ሰምታችሁ አፈ ልቅ ናት እንዳትሏት። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ የስንቱን ትዳር፣ የስንቱን ወረቀት፣ የስንቱን የፖሊስ ጣጣ ሰምታለች። አንዱም ከእሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም። "ሆድ ይፍጀው" ትላለች፤ ሆዷም ይፈጀዋል። አንድ ቀን ብቻ ሳተች። እሱንም ቢሆን ስታማ አይደለም፣ ስትጸልይ ነው።

ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት? ምን ሊፍት! ውሃ ራሱ ሲመጣ እልል የሚባልበት ሕንፃ ነው። ካሏት ሦስት ክፍሎች በአንዱ እሷና ልጇ ሐሴት ይተኛሉ። አንዱ ሳሎንም ወጥ ቤትም የስፌት ክፍልም ነው። ሦስተኛውን ኒዮታ ዩናይትድ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ ለተጫዋቾቹ ተከራይቶታል። ክለቡ በየዓመቱ ከኢትዮጵያ አንድ ሁለት ወጣት በውሰት ያመጣል። ውሰት ማለት እንዲህ ነው፤ አሳዳጊው ክለብ ልጁን በተስፋ ቡድን ኮትኩቶ ያሳድግና፣ ዋናው ቡድን ውስጥ የሚያሰልፍበት ቦታ ሲያጣ "ሄደህ ብሰል" ብሎ ለአንድ የውድድር ዘመን ለሌላ ክለብ ይሰጠዋል። ልጁ ካማረበት ወይ ይመለሳል፣ ወይ የተዋሰው ክለብ ያስቀረዋል። ሳያምርበት ቢቀር የሚሆነውን ግን ቁጭ አድርጎ የሚነግራቸው የለም።

ጌጤ በዚህ ዓይነት አራት ልጆች አሳልፋለች። አብልታለች፣ አጥባለች፣ ሲያማቸው አስታማለች፣ ሰኔ ሲመጣ ሸኝታለች። "ውደጃቸው እንጂ ልጆቼ ናቸው አትበዪ" ብላ ራሷን ትመክራለች። ምክሩ እስከ ቃለአብ ድረስ ሠርቶላታል።

ቃለአብ የዱራሜ ልጅ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የግራ መስመር ተጫዋች። እናቱ ብቻዋን አሳድጋ በዐሥራ አራት ዓመቱ ለአዲስ አበባ ክለብ አሳልፋ ሰጥታዋለች። መስከረም ላይ ናይሮቢ ሲገባ ጭንቅላቱ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በመጣ በሳምንቱ ሰኞ፣ የእረፍት ቀኑ ነው፣ ጌጤ ሩንዳ የሚባል የሀብታም ሰፈር ላለች አንዲት ደንበኛዋ መጋረጃ ልትሰቅል ስትወጣ "ልከተልሽ?" አላት። እዚያ ደርሰው ዘበኛው መሰላል ሲፈልግ፣ ቃለአብ እጁን ዘርግቶ ዘንጉን ከነመጋረጃው ቦታው ላይ አስቀመጠው።

"አንተ ልጅ፣ ፈጣሪ ይህን ቁመት የሰጠህ ለመጋረጃ ነው፤ በኳስ አባከንከው" አለችው።

"ግድ የለሽም እማ፣ ኳሱ ሲበቃኝ እቀጠርልሻለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ሰኞ የሁለቱ ሆነ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የታጠፈውን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው ይሄዳሉ። እሱ ስለ ኳስ ያወራል። እሷ አንዱም አይገባት፣ ግን ታዳምጣለች። "እማ" ማለቱን ማንም አላዘዘውም፤ እሷም አልከለከለችውም። ሐሴት እንኳ፣ እዚያው ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጇ፣ "ማሚ፣ ይሄኛውን አዶፕት አድርጊውና ይለቅልን" እያለች ትቀልዳለች።

ቃለአብን ያመጣው ፋኑኤል የሚባል ሰው ነው። ላቪንግተን የሚባል ሰፈር ይኖራል። ቀን አየር መንገድ ቢሮ ይሠራል፤ በትርፍ ጊዜው ለክለቡ የኢትዮጵያ ልጆችን መርጦ ያስመጣል፣ ፈርሞ ይረከባል፣ ይከታተላል። በወጣትነቱ ራሱም ተጫውቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ለመናገር በቀለለኝ። ለቃለአብ የሰጠው ቃል ግልጽ ነበር። "የውድድር ዘመኑን በእግርህ ቆመህ ጨርስ፤ የሦስት ዓመት ውል ይጠብቅሃል" ነው ያለው።

ልጁም ከዚህ ሌላ በር አልነበረውም። አዲስ አበባ ያለው ክለቡ አሰልጣኝ ለውጧል። እዚያ ያለው ውል ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት ከሚቀሩት ልጆች ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንደሌለ አብሮት ያደገ ጓደኛው በስልክ ነግሮታል። ኒዮታ ካላስቀረው ከአምስት ዓመት በኋላ ባዶ እጁን ዱራሜ መግባቱ ነው። ይህን ጌጤም ታውቃለች። ሰኞ ሰኞ ማታቱ ውስጥ ሌላ ምን ሲያወራት ከረመና!

ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ኢስትሊን ጭቃ በጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ ሊጉ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ጌጤ ጨርቅ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ከፊቷ የሚሄድ ሰው አየች። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ሁለቱንም እግሩን እያሳረፈ፣ የብረቱን መደገፊያ እንደ ምርኩዝ ጨብጦ ይወጣል። ቀና ብላ ብታይ ቃለአብ! ያ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣው ልጅ!

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም። ድካም ነው።"

"ድካም እዚህ ጋ ነው እንዴ የሚቀመጠው?" ብላ ጉልበቱን በጣቷ ነካ አደረገችው። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ግድግዳውን ተደገፈ።

ኋላ ቤት ገብቶ ነገራት። ልምምድ ላይ ሊዞር ሲል እግሩ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀርቶ፣ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር "ቀጭ" ሲል በጆሮው ሰምቷል። ለክለቡ ወጌሻ ትንፍሽ አላለም። "ጫማዬ ጠበበኝ" ብሎ ወጥቶ መጣ።

"ለማንም እንዳትነግሪብኝ እማ። ሦስት ጨዋታ ነው። ሦስቱን ልቁም፣ ውሉን ልፈርም፤ ከዚያ ያክሙኛል፣ ያን ጊዜ የራሳቸው ነኝ። አሁን ካወቁ ግን ያው የሰው ዕቃ ነኝ።"

"ቢብስብህስ?"

"ሲብስ አብረን እናያለን። ቃል ግቢልኝ።"

ጌጤ ዓይኑን አየችው። አንጀቷን በላው። "ለሰው አልናገርም" አለች። ቃሏን የሰጠችው ከልቧ ነው፤ እንኳን ሌላ ሰው ሐሴት እንኳ እንዳትሰማ በሩን ዘግታ ነው ጉልበቱን በሞቀ የጨው ውሃ ስታሽለት የሰነበተችው።

ቅዳሜ ተጫወተ። ጌጤ ኳስ ሜዳ ሄዳ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ሄደች። ዘጠና ደቂቃውን ሙሉ ኳሱን ትታ አንድ ጉልበት ስታይ ዋለች። ብራያን የሚባል የማታሬ የድሃ ሰፈር ልጅ አለ፤ የቀኝ መስመሩ ተጫዋች ነው፣ የቃለአብ ጓደኛ፣ ከልምምድ መልስ እየመጣ የጌጤን ወጥ እያቃጠለው የሚበላ። ያ ልጅ የራሱን መስመር ትቶ በቃለአብ በኩል ሲሮጥ፣ በቃለአብ ፈንታ ሲመለስ ዋለ። ጨዋታው ሲያልቅ የቃለአብን ቦርሳ ከራሱ ጋር ደርቦ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸከመለት። አንድም ነገር አልጠየቀም። ሲወጣ በር ላይ ጌጤን ቀስ ብሎ "ማማ፣ ሃዩኮ ሳዋ" አላት፤ ደህና አይደለም ማለቱ ነው።

"ሳዋ ነው፣ ሳዋ ነው" ብላ በሩን ዘጋችበት።

ሁለት ጨዋታ ቀረ። ጌጤ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቷ ወጣ። ልጁ ግድግዳው ማዶ ሲገላበጥ ትሰማለች። ብትናገር ልጁን ትገድለዋለች፣ ዝም ብትል እግሩን። ይህን ሸክም ብቻዋን እንዴት ትቻለው? የዚህን መልስ ከልጅነቷ ጀምሮ ተምራዋለች፤ ብቻሽን አትሸከሚ፣ ወደ ጸሎት አምጪው።

የጸሎት ቤቷ እናቶች ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት በየተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ደንባቸው የታወቀ ነው። እያንዳንዷ የልቧን የጸሎት ርዕስ በቁራሽ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ አጥፋ ሰፌድ ላይ ትጥላለች። ከዚያ እያንዳንዷ የሌላዋን አንሥታ ሳምንቱን ሙሉ ትሸከመዋለች፤ በቤቷም በመንገዷም ስለዚያ ነገር እየጸለየች ትሰነብታለች። የደረሳትን ለወሬ አታወጣም። ዐሥራ አራት ሴቶች ናቸው። በዚያች ሰፌድ የተዘጋ ማሕፀን ተከፍቷል፣ የታሰረ ባል ተፈቷል፣ ቪዛ ተመቷል፤ እነሱ ሲመሰክሩ እኔ የሰማሁት ነው።

ጌጤ ወረቀቷን ይዛ ብዙ ቆየች። መጀመሪያ "ቤቴ ላለው ልጅ" ብላ ጻፈች። መሪያቸው ግን እንደ ልማዷ "እህቶች፣ በስም ጻፉ፤ በስም እንጸልይ" አለች። ጌጤ የጻፈችውን ሰረዘችና "ለቃለአብ ጉልበት፤ ጌታ እስከ መጨረሻው ጨዋታ እንዲያቆመው" ብላ ጻፈች። አጥፋ ጣለች። የዚያኔ ደረቷ ላይ ያለው ድንጋይ ተነሣላት፤ ከስንት ቀን በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች።

ሐሊና እዚያ መቀመጧን አላየችም ብዬ አልዋሽላችሁም። አይታታለች። ሐሊና የፋኑኤል ሚስት ናት። ግን ዐሥራ አራት ሴት ባለበት ወረቀቱ ለእሷ ይደርሳል ብሎ ማን ያስባል? ቢደርሳትስ? ደንቡ ደንብ ነው፣ እህትም እህት ናት። ጌጤ ይህን አሰበችና ደግሞ ማሰቧን ራሱ አፈረችበት። በጸሎት ቦታ ሰው መጠርጠር!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋኑኤል ሳይደውል መጣ። አራቱን ፎቅ ወጥቶ ቁና ቁና እየተነፈሰ ገባና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ብትለው "ይቆየኝ እህት ጌጤ" አለ። ቃለአብ ከሐሴት ጋር ስልክ ላይ አጎንብሶ ሲስቅ ነበር፤ ሰውየውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"እስቲ ልጄ፣ ተነሥና ቁጭ ብድግ በልልኝ" አለው ፋኑኤል።

"አሁን?"

"አሁን።"

ቃለአብ ተነሣ። ሳቅ ለማለት ሞከረ። አንድ፣ ሁለት፣ ንጹሕ አድርጎ ሠራ። ሦስተኛው ላይ ከንፈሩ ነጣ። አራተኛው ላይ ላቡ ግንባሩ ላይ ፈሰሰ። አምስተኛው ላይ ቁጭ አለ፤ አልተነሣም። ጉልበቱ ተቆልፎ ቀረ። በአንድ እጁ የሶፋውን ጠርዝ ይዞ፣ መሬት ላይ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ ያየው ፋኑኤልን አይደለም፣ ጌጤን ነው። አንድ ነገር በዪልኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አድኚኝ የሚል አስተያየት ነበር። ጌጤ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ፋኑኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ጋሼ፣ ሁለት ጨዋታ ነው የቀረኝ። አይተው እንዳላዩ ይለፉኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሁለት ጨዋታ አልሞትም።"

"ፈርሜ ነው የተረከብኩህ። ነገ ሜዳ ላይ እግርህ ቢቀር እናትህን ምን እላታለሁ?"

"ማን ነገረዎት?"

ፋኑኤል ዓይኑ ለአንድ አፍታ ወደ ጌጤ ሄደ፤ ወዲያው መለሰው። "ሰምቼ ነው" አለ። ጨምሮ ምንም አልተናገረም፤ ለዚህ እንኳ አመስግኑት።

ሰኞ ክሊኒክ ወሰዱት። መጋረጃ የሚሰቀልበት ሰኞ ነበር። ሐኪሙ የኤምአርአይ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ፣ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ትራስ መሰል ነገር እንደተቀደደ፣ ጅማቱም ግማሹ እንደሄደ አሳያቸው። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር እረፍት። ሐሙስ ከኒዮታ ዩናይትድ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ፤ ውሰቱ ተቋርጧል፣ መልካም ዕድል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማንም ይገምታል። ማን ያሳክመው? ኒዮታ "የባለቤቱ ጉዳይ ነው፣ ልጁ የእኛ አይደለም" አለ። ጌጤ አላስቻላትምና የአዲስ አበባውን ክለብ ቁጥር ከቃለአብ ስልክ ላይ ወስዳ ራሷ ደወለች።

"እናቴ፣ እኛ ልጁን በደህና ነው የሰጠናቸው። የተጎዳው እነሱ ጋ ነው፣ እነሱን ይጠይቁ" አላት አንድ ትሑት ድምፅ።

"እነሱ ደግሞ እናንተን ይላሉ።"

"ይገባኛል። ግን የልጁ ውል ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። ከእንግዲህ ምን እናድርግ ብለው ነው?"

"ድስት እንኳ የተዋሰ ሰው ሰብሮ ሲመልስ ባለቤቷ ትጮኻለች፤ እናንተ እንዴት ዝም ትላላችሁ?"

ሰውየው "እግዜር ይርዳችሁ" ብሎ ዘጋው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። ልጁ ሁለት ባላ ነበረው፤ ሁለቱም ሸሹት። አምስት ዓመት ያሳደገው ክለብ፣ አንድ ዓመት ያስሮጠው ክለብ፣ እነዚያ ጎል ሲያገባ "የኛ ልጅ!" እያሉ ፎቶውን የሚለጥፉት ሁለቱም።

በማግስቱ ቃለአብ ዕቃውን ከክለቡ ሊያመጣ በወጣበት ሰዓት ሐሊና መጣች። ጌጤ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። ሐሊና ቆማ ስታለቅስ መቀሱን አስቀመጠች።

"ለእኔ ነው የደረሰኝ" አለች ሐሊና። "ወረቀትሽ። እህት ጌጤ፣ ለማንም አላወራሁም፣ ጌታ ምስክሬ ነው! ወረቀቱ በደረሰኝ በማግስቱ፣ ሐሙስ ራት ላይ ማዕዱን ስባርክ፣ 'ጌታ ሆይ፣ የቃለአብን ጉልበት ዳስስ፣ እስከ መጨረሻው ጨዋታ አቁመው' አልኩ። ፋኑኤል የሚያውቅ መስሎኛል። እሱ የሚያስተዳድረው ልጅ አይደል? አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ባሌ እያየኝ ነው። 'የቱን ጉልበት?' አለኝ።"

ጌጤ የምትቆጣው ሰው ፈለገች፤ አጣች። ሐሊና ጸለየች። ፋኑኤል የተሰጠውን አደራ ጠበቀ። እሷም ብትሆን የጻፈችው ለጌታ ነው። ሁሉም ደግ ደጉን አድርገው ልጁን አፈር አበሉት።

"ፋኑኤል 'እግሩን አትርፋለታለች በያት' ብሎሻል" አለች ሐሊና፣ እንባዋን እየጠረገች።

"በምኑ? የሚያሳክመው በሌለበት የቱን እግር ነው ያተረፍኩት?" አለች ጌጤ። ከዚያ የሐሊና ማልቀስ አሳዘናትና ወንበር ሰጠቻት።

ማታ ለሐሴት ነገረቻት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። "ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሐሊና ባለችበት?" አለች፤ ከዚያ የእናቷን ፊት አይታ ወዲያው ለሰለሰች። "በቃ ተይው። ለቃልዬ እንዳትነግሪው። ምን ይጠቅመዋል? ኢት ዊል ጀስት ኪል ሂም።"

ጌጤም ሳምንቱን ሙሉ አልነገረችውም። ሰበብ አላጣችም፤ ዛሬ ከፍቶታል፣ ነገ ይሻለዋል፣ አሁን እየበላ ነው። እሱ ደግሞ ከምንጊዜውም ይልቅ ተጠጋት። ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ትቶ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ይውላል። ክር በመርፌ ይከትላታል፣ ቁልፍ ይለቅምላታል። እናቱ ስትደውል "ደህና ነኝ፣ እማ ጌጤ አለችኝ" ሲል ትሰማዋለች። ብራያን ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቃለአብ "ተኝቷል በይው" አለ። ጌጤ አዝኖ ሰው ማየት ጠልቶ ነው ብላ ልጁን ከበር መለሰችው።

የመጣው በአውሮፕላን ነበር፤ ለመመለሻው ግን ክለቡ የቆረጠለት የሞያሌ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው እዚያው ኢስትሊ፣ ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። እሁድ ከሰዓት ጌጤ አብራው ሄደች። ሐሴት ቤት ተሰናብታው አልቅሳ ቀርታለች። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ በሻንጣና በሻጭ ተጨናንቋል። ጌጤ "እዚህ የጸሎት ቤት ሰዎችን አስተባብሬ ለሕክምናህ የምችለውን እልክልሃለሁ፣ ዱራሜ ሄደህ ዝም ብለህ እንዳትቀመጥ" እያለች አንዱን ነገር አሥሬ ትናገራለች። እሱም አሥሬ "እሺ እማ" ይላል።

በዚህ መሐል ብራያን ከቦዳ ቦዳ፣ ከኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ መጣ። በፌስታል በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ማንዳዚ ይዟል። እጁን ዘረጋ። "ብሮ፣ ሳፋሪ ንጄማ" አለ፣ መልካም ጉዞ እንደማለት ነው። ቃለአብ እጁን ኪሱ ከተተ። ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዞረ። ብራያን እጁን እንደዘረጋ ትንሽ ቆመ። ምን እንዳጠፋ ያልገባው ሰው ዓይን ነበረው። ከዚያ ፌስታሉን ለጌጤ ሰጥቷት፣ ያው ቦዳ ቦዳ ላይ ወጥቶ ሄደ።

"ምን በደለህ እንዲህ የምታደርገው?" አለች ጌጤ ደንግጣ።

"እሱ ነው የነገረብኝ።"

"ማን አለ?"

"ማን ሊል ይችላል! ሳነክስ ያየኝ፣ ቦርሳዬን የተሸከመው እሱ ነው። በእኔ ቦታ ተጠባባቂ የሆነውን ወንድሙን ሊያስገባ ነው። ከሱና ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።" እንደ ማፈር ብሎ ሳቀ። "አንቺማ እማ ነሽ። እናቴን እንኳ እንደዚህ አላምናትም፤ እሷ ብታውቅ ለጎረቤት ሁሉ ታወራው ነበር። እዚህ አገር ምንም አላተረፍኩም፣ አንቺን ግን አትርፌአለሁ።"

የአውቶቡሱ ረዳት "ሞያሌ! ሞያሌ! እንግባ!" እያለ ይጮኻል። ጌጤ ይሄን ብቻ ዋጥ አድርጋ ብትሸኘው፣ ልጁ በእሷ ላይ ያለውን እምነት ይዞ ይሄዳል። ያ የድሃ ልጅ ብራያን ግን ዕድሜውን ሙሉ በሌለበት ወንጀል ሲጠላ ይኖራል። ይህን ደግሞ እንዴት ትሸከመዋለች?

"ብራያን አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ።"

"ምን አንቺ ነሽ?"

ነገረችው። ረዳቱ እየጮኸ፣ ሰው እየገፋቸው፣ ወረቀቱን፣ ሰፌዱን፣ የሐሊናን የማዕድ ጸሎት፣ ሁሉንም በጥድፊያ ነገረችው። "ለክፋት አልነበረም ልጄ። ብቻዬን አልቻልኩትም። እንዲምርህ ብዬ ነው" አለች።

ቃለአብ መጀመሪያ ያየው ብራያን የሄደበትን አቅጣጫ ነው። ማታቱና ሰው ሞልቶበታል። ከዚያ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድባት፣ ፌስታሉን ወርውሮ ቢረግጠው እንዴት በወደደች!

"ለምን ነገርሽኝ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ብራያንን በከንቱ እንዳትጠላው ብዬ..."

"ብራያንን ከእንግዲህ የት አገኘዋለሁ? ዛሬ ጠላሁት ነገ እረሳው ነበር።" ድምፁ ተሰበረ። "ዝም ብለሽ ብትሸኚኝ ምን ነበረበት? ክለብ የለኝ፣ እግር የለኝ። አንድ ሰው አለችኝ ብዬ ልሄድ ነበር።"

ሻንጣውን ከእጇ ተቀበላት፤ በኃይል አልነጠቃትም፣ ዕቃ ከማያውቁት ሰው እንደሚቀበሉት በትሕትና ተቀበላት። ወጥቶ በወዲያኛው በኩል ተቀመጠ። ጌጤ በሩ ሥር ቆማ ይቅር በለኝ ልትል አፏን ከፈተች። ይቅር ቢላት የሚቀላት ለእሷ እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ ገባትና ዘጋችው። አውቶቡሱ ሻጮቹን እየገፋ ቀስ ብሎ ወጣ። እሷ ማንዳዚውን እንደያዘች ቆማለች፤ ቃለአብ ግን ዞሮ አላየም።